የወገብ ንስሐ

አንድ ኩንታል ያነሳሁት ማክሰኞ ማታ ነው። ካልሲ ያቃተኝ ረቡዕ ጠዋት ነው።

ካልሲው የግራ ነበር። አልጋ ሥር ገብቶ አየሁትና ጎንበስ አልኩ፤ ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ወደ ላይ የለ፣ ወደ ታች የለ። ባለቤቴ ቡና ይዛ ስትገባ ምንጣፉን አትኩሬ ሳይ አገኘችኝና “ደግሞ ምን ጠፋህ?” አለችኝ።

“ወገቤ” አልኳት።

ሊጠይቀኝ የመጣ ሰው ሁሉ “ምን ሲሆን ነው የያዘው?” ይላል። እኔ አፌን ከመክፈቴ በፊት እሷ ትመልሳለች፤ “ካልሲ ሲያነሳ።” ስለ ኩንታሉ አንዲት ቃል አትተነፍስም። “ማታ እኮ መቶ ኪሎ ብረት ከመሬት ነቅያለሁ” ብዬ ጣልቃ ስገባ ጠያቂዎቼ ቅዠት እየመሰላቸው “እግዜር ይማርህ” ብለው፣ ብርቱካናቸውን አስቀምጠው ይሄዳሉ።

ኩንታሉን የማነሳው አዲስ አበባ ሃያ ሁለት አካባቢ፣ ከአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሥራው ዴድሊፍት ይባላል። መሬት ላይ የተጋደመ ብረት ጎንበስ ብሎ መጨበጥ፣ ቀጥ ብሎ መቆም፣ በቃ። ወደ ራስ መስቀል የለ፣ መወርወር የለ። “የሞተ ማንሳት” እንደ ማለት ነው፤ ብረቱ ምንም ሳይንቀሳቀስ ከተጋደመበት ስለሚነሳ።

ኤዲ ሆል የሚባል እንግሊዛዊ በ2016 እ.ኤ.አ. ሊድስ ከተማ ውስጥ 500 ኪሎ አንስቷል። አምስት ኩንታል መሆኑ ነው። ወዲያው አፍንጫው ደማ፣ ራሱንም ሳተ። በ2020 ደግሞ ሃፍቶር ብዮርንሶን የሚባል አይስላንዳዊ 501 አነሳ። አንዲት ኪሎ ብቻ ጨመረ። የመርካቶ ነጋዴ ቢሆን “ይቺ ምራቂ ናት” ይለው ነበር።

መርካቶን ካነሳሁ አይቀር፣ እዚያ ኩንታል እህል ጀርባው ላይ ጭኖ “ዞር በል!” እያለ በሰው መሀል የሚሮጠውን ጫኝና አውራጅ ማንም በስልክ ቀርጾት አያውቅም። በእኔና በእሱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። እሱ ስላነሳ ይከፈለዋል፤ እኔ ለማንሳት እከፍላለሁ።

በሦስተኛው ሳምንት ወገቤ ሲመለስልኝ ወደ ጂም ሄድኩ። አሰልጣኜ የመጀመሪያ ልጄ እኩያ ነው። ባዶውን ብረት አስነሳኝና ከጎን በስልኩ ቀረጸኝ። ከዚያ ቪዲዮውን ደጋግሞ ያየው ጀመር። ራጅ የሚያይ ሐኪም ድንገት ዝም ሲል አጋጥሟችሁ ያውቃል? እንደዚያ።

“ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ኋላዎ ኋላ ቀር ነው።”

ኋላ ቀር ሲባል ብዙ ሰምቻለሁ። እርሻችን ኋላ ቀር ነው ተብሏል፣ አስተሳሰባችን ኋላ ቀር ነው ተብሏል። መቀመጫ ኋላ ቀር ነው ሲባል ግን ገና መስማቴ ነው።

ተረጋግቶ አስረዳኝ። ብረቱን ከመሬት የሚነቅለው ወገብ ብቻውን አይደለም። ከአከርካሪ ግራና ቀኝ እንደ ገመድ የተዘረጋው ጡንቻ፣ መቀመጫ፣ የታፋ ኋላ፣ እስከ ባት ድረስ ተያይዘው ነው የሚሠሩት። በእነሱ ቋንቋ “የኋላ ሰንሰለት” ይባላል። እኔ “ደጀን” ብዬዋለሁ። በጦርነት ስሙ የሚጠራው ግንባር ላይ ያለው ነው፤ ስንቁም ጥይቱም የሚመጣው ግን ከደጀን ነው።

የእኔ ደጀን ሃያ ዓመት ሙሉ የቢሮ ወንበር ላይ ሰፍሮ ተኝቷል። መቀመጫዬ ከመቀመጥ ሌላ ሥራ እንዳለው የነገረው ሰው አልነበረም። ወገቤ ለብቻው ሲዋጋ ከርሞ በካልሲው ቀን እጁን ሰጠ። ካልሲው ነጭ መሆኑም ለማውለብለብ ተመቸው። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ የምወቅሰው ወገቤን ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይኼ ነው።

ጥፋቱ ግን የእኔ ብቻ አይደለም፤ የሰፈራችንም ነው። በልጅነታችን ስፖርት ማለት ደረት ማለት ነበር። ሁለት የኒዶ ጣሳ ሲሚንቶ ይሞላል፣ መሀሉ ላይ የውሃ ቧንቧ ይሰካል፣ ክብደት ይኸው። ቧንቧው ከማን ግቢ እንደተነቀለ አይጠየቅም። ተጋድመን ወደ ላይ እንገፋለን፣ ቆመን ክንዳችንን እናጥፋለን፣ ከዚያ ወደ መስታወት። መስታወት ደግሞ ፊት ለፊት ያለውን ነው የሚያሳየው። ጀርባችንን የሚያውቁት የሚያሙን ሰዎች ብቻ ናቸው።

አሰልጣኜ “አጋዥ እንቅስቃሴዎች” የሚል ዝርዝር ማታ በቴሌግራም ላከልኝ። መልእክቱ ሲገባ ስልኬ ባለቤቴ እጅ ላይ ነበር። ጂም ውስጥ አንዱ ዙር “ሴት” ተብሎ እንደሚጠራ የምታውቁ ታውቃላችሁ። እሷ አታውቅም።

“ሐሙስ፦ 3 ሴት” ብላ አነበበች። ዝም አለች። “በመሀል 2 ደቂቃ እረፍት።” ዝምታው ረዘመ። “ከአቅምዎ በላይ ከሆነ 1 ሴት ይቀንሱ።” ስልኩን ቀስ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

“ለአንዷም ወገብ የለህ” አለችኝ።

ዝርዝሩ ዘጠኝ ዓይነት ነበር። አንደኛው “ሩማንያ” ይባላል። ጉልበትን ትንሽ አላልቶ፣ መቀመጫን ወደ ኋላ እየገፉ፣ ብረቱን በታፋ ላይ እያንሸራተቱ እስከ ቅልጥም ማውረድና መመለስ ነው። ስሙን ያገኘው በ1984ቱ የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ወርቅ ካጠለቀው ክብደት አንሺ ከኒኩ ቭላድ ነው። በ1990 አሜሪካ ሄዶ ይህን ሲሠራ ያዩ ሰዎች “ምን ይባላል?” ቢሉ ስም የለውም፤ በአገሩ ጠሩት። ማጭድ ይዞ ቀኑን ሙሉ ከወገቡ እጥፍ ብሎ ገብስ የሚያጭደው ገበሬያችን ቀድሞ አሜሪካ ባለመሄዱ ብቻ ስሙን ተነጠቀ።

“ጉድ ሞርኒንግ” የሚባልም አለ። ብረት ትከሻ ላይ አጋድሞ እጅ እንደሚነሳ ሰው ጎንበስ ብሎ መነሳት ነው። በዚህ ዓይነት ሰላምታ የሚለዋወጥ ሠፈር ቢኖር ጎረቤቱን የሚያውቅ አይገኝም ነበር።

“ሂፕ ትረስት” ጀርባን አግዳሚ ላይ አስደግፎ፣ ብረት ከሆድ በታች አጋድሞ፣ መቀመጫን ወደ ላይ ማንሳት ነው። ጥቅሙን አልክድም፤ ግን ዘመድ እያየ አይሠራም። “ኖርዲክ” ደግሞ ተንበርክኮ ቁርጭምጭሚትን ሰው አስይዞ እንደ ግንድ ቀስ እያሉ ወደ ፊት መውደቅ ነው። በኳስ ተጫዋቾች ላይ የታፋ ኋላ ጉዳትን እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። እኔ ላይ የታየው ግንባሬ ወለሉን ሲመታ ነው።

“የገበሬ ጉዞ” የሚሉት ደስ አለኝ። በሁለት እጅ ከባድ ነገር አንጠልጥሎ መራመድ ነው። ሃያ ሃያ ሊትር የሚይዝ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ሞልቶ ከቦኖ መመለስ ማለት ነው። ውሃ በጠፋ ቁጥር በነፃ ስንሠራው ኖረናል። የቀሩትን አልዘረዝርባችሁም፤ ቀዘፋ አለ፣ የጀርባ ዝርጋታ አለ፣ ሌላም አለ።

ዘጠኙንም ሠራሁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እኔ ሃምሳውን ብቻዬን ተሸከምኩ። በወሩ የማነሳው መቶ ኪሎ ወደ ዘጠና ወረደ።

“ሁሉንም ይሥሩ አላልኩም እኮ ጋሼ፤ ይምረጡ ነው ያልኩት። ሁለት ይበቃል። ለመሆኑ ብረቱ የት ላይ ሲደርስ ነው እምቢ የሚልዎት?”

“እኔን? እምቢ አይለኝም” አልኩት።

አንድ ነገር ሊናገር ፈልጎ ዋጠው። ሁለት መረጥኩ፦ ቀዘፋና የገበሬ ጉዞ። ለምን ቢባል፣ እችላቸዋለኋ!

በዚህ መሀል የነቢያት ጾም ሊያልቅ፣ ገናም ሳምንት ሲቀረው ወደ ላሊበላ ሄድን።

ላሊበላ ሄዶ ስለ ሸክም ሳያስቡ መመለስ አይቻልም። ሰው ሁሉ ከአለት የተፈለፈሉትን አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት እያየ ይደነቃል። እኔን የደነቀኝ እዚያ የሌለው ነው። ያ ሁሉ የተቦረቦረ ድንጋይ ወዴት ሄደ? ማን አወጣው? በየትኛው ወገብ? ትውፊቱ መልስ አለው። ቀን ሰዎች ሲፈለፍሉ ይውላሉ፣ ሌሊት መላእክት ይቀጥላሉ። አሰልጣኜ “ጡንቻ የሚገነባው እዚህ አይደለም፣ ሌሊት ሲተኙ ነው፤ በጊዜ ይተኙ” ሲለኝ የሰነፍ ምክር መስሎኝ ነበር። አጋዡ ሌሊት እንደሚመጣ ላሊበላ ከእሱ በፊት ታውቃለች።

በማግስቱ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ወጣን። ከከተማው አርባ ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ከተሄደ በኋላ፣ በጽድና በወይራ ደን መሀል ዳገቱ ለእግር ይተዋል። ቦታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,600 ሜትር ያልፋል። ገና ሩቡን ሳልወጣ ደጀኔ እንቅልፉን ጨርሶ ማጉረምረም ጀመረ። ቆሜ ደኑን የማደንቅ መሰልኩ። ዳገት ላይ ደን የማያደንቅ የከተማ ሰው የለም።

በዚህ መሀል አንዲት እማማ ጧፍ በእጃቸው ይዘው “እንደምን ዋልክ የኔ ልጅ” እያሉ አለፉኝ። ትንፋሻቸው አልተለወጠም። ወገባቸው ላይ ሦስት አራት ጊዜ የተጠመጠመ መቀነት አለ። ጂም ውስጥ ከባድ ክብደት ስናነሳ የምናስረው ወፍራም የቆዳ ቀበቶ አለን፤ ሆድን ወጥሮ አከርካሪን ከፊት ይደግፋል። እማማ ያሰሩትም ያንኑ ይሠራል። ልዩነቱ የእሳቸው ጫፉ ላይ ሳንቲም ተቋጥሮበታል፤ የእኔ ኪስ የለውም።

ዋሻው አፍ ላይ ስትደርሱ ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጥቂት ይፈጃል። ከዚያ ሕንፃው ቀስ እያለ ይመጣል። ንጉሥም ካህንም የነበረው የዛጉዌው ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን ቀድሞ ያሠራው ነው። እዚህ የተፈለፈለ ነገር የለም፤ ዋሻ ውስጥ የቆመ ቤት ነው። ነጭ ልስን፣ ጥቁር እንጨት፣ ነጭ ልስን፣ ጥቁር እንጨት፤ እስከ ጣሪያው እንዲህ እየተፈራረቀ ይወጣል። የአክሱም አሠራር ነው። ድንጋዩ ክብደቱን ይሸከማል፤ እንጨቱ ድንጋዩን ያስረዋል።

ሌላው ሰው እያማተበ ያያል፤ እኔ የቴሌግራሙን ዝርዝር አየሁ። ድንጋዩ ዴድሊፍት፣ እንጨቱ አጋዥ። እንጨቱ ድንጋዩን ለማሰር እንጂ ብዛቱን ለማሳየት የገባ አይመስልም።

ከሕንፃው ኋላ፣ ወደ ዋሻው ጥልቀት፣ ከሩቅ አገር መጥተው እዚሁ ያረፉ ተሳላሚዎች ናቸው የሚባሉ አጽሞች ተደርድረዋል፤ ቁጥራቸው ከአምስት ሺህ በላይ እንደሆነ ይነገራል። የሚያስጎበኘን ወጣት ዲያቆን እጄን ወገቤ ላይ አይቶ “ምን ሆነው ነው ጋሼ?” አለኝ። ስለ ብረቱ አወራሁለት። “ዴድሊፍት ይባላል፤ የሞተ ማንሳት ማለት ነው” አልኩ፣ ትንሽ ደረቴን ነፋ አድርጌ።

ዞር ብሎ አጽሞቹን አየ። መልሶ እኔን አየ።

“እሱንስ ለባለቤቱ ይተዉለት” አለኝ።

ከዋሻው ደጅ ስንደርስ እማማ ስግደት ላይ ናቸው። ያማትባሉ፣ ከወገብ እጥፍ፣ ጉልበት፣ ግንባር መሬት፣ ተመልሰው ቀጥ። ልማድ ሆኖብኝ እቆጥራለሁ። አፍሬ እኔም ከጎናቸው ጀመርኩ። እሳቸው አርባ አንድ አደረሱ። እኔ አሥራ ሰባት ላይ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አየሁና ተቀመጥኩ። መቀመጫዬ የሚችለውን ሥራ አገኘ።

“እማማ፣ ሁልጊዜ ይህን ያህል ነው የሚሰግዱት?”

“የነፍስ አባቴ ያዘዙኝን ነዋ።”

“ለሁሉም ሰው እኩል ነው የሚያዙት?”

ሳቁብኝ። “አይ የኔ ልጅ! የሰው ድካሙ እኩል ነው እንዴ? ለጎረቤቴ ዝምታ ሰጧት፤ ምላሷን አትችለውም። ለባሏ ምጽዋት፤ እጁ አይፈታም። ለእኔ ስግደት፤ አንገቴ አልሰበር ብሎ።”

“ምጽዋቱ አይሻልዎትም ነበር?”

“እሱማ ይቀለኝ ነበር! ያለኝን ብሰጥ አይቆጨኝም።” ነጠላቸውን አጣፉና “ደስ የሚለውማ ምን ንስሐ ነው?” አሉኝ።

አሰልጣኜ በሦስት ወር ያልገባኝን ነገር እማማ ነጠላ እያጣፉ ጨረሱት። መዳፌ ብርቱ ነው፤ የመዳፍ ሥራ መረጥኩ። የላይኛው ጀርባዬ ደህና ነው፤ ቀዘፋ መረጥኩ። ምጽዋት ለለጋስ፣ ዝምታ ለዲዳ ማዘዝ ማለት ነው። ለራሱ ንስሐ የሚያዝ ሰው ቀላሉን ነው የሚያዝ፤ ለዚህ እኮ ነው የነፍስ አባት የተፈለገው።

አዲስ አበባ በተመለስኩ ማግስት አሰልጣኜን ጥግ ያዝኩትና ተናዘዝኩ። “ከመሬት ይነቀልልኛል። ጉልበቴ ጋ ሲደርስ ግን ጀርባዬ ይጎብጣል፤ ብረቱም ይቆማል።”

ፊቱ በራ። ለካ ሁሉም ድካም የራሱ ቀኖና አለው። ገና ከመሬት አልነቀል ለሚለው ሰው፣ ዝቅ ያለ ጣውላ ላይ ቆሞ ከታች ማንሳትና እግርን በስኳት፣ ማለትም ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ በመነሳት፣ ማጠንከር። ጉልበት ጋ ለሚቆምበት ሩማንያ፣ ወይም እዚያው ጉልበት ሥር ሁለት ሰከንድ ይዞ መቆየት። መጨረሻው ላይ ቀጥ ማለት ላቃተው ሂፕ ትረስት። ከመዳፉ ለሚያመልጠው የገበሬ ጉዞ። የታፋ ኋላ ደግሞ ሁለት ሥራ አለው፤ ዳሌን ይዘረጋል፣ ጉልበትን ያጥፋል። ስለዚህ ሩማንያ ብቻውን ግማሹን ነው የሚያስተምረው፤ ሌላው ግማሽ እንደ ኖርዲክ ያለ ጉልበት የሚያጥፍ ሥራ ይፈልጋል።

ለእኔ የታዘዘልኝ ሩማንያ፣ 3 ሴት፣ እያንዳንዱ 8 ጊዜ፣ ለዚያውም በቀላል ክብደት። ሁለተኛው የፈራሁት ሂፕ ትረስት ሆነ፤ የተኛውን መቀመጫ ቀስቅሶ የደከመውን ወገብ ያሳርፋልና።

“ሌላ የለም?” ልል አፌን ከፈትኩ። የእማማ ነጠላ ትዝ አለኝና ዘጋሁት።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ሁለት ኪሎ ተኩል፣ ሁለት ኪሎ ተኩል እየተባለ ዛሬ አንድ ኩንታል ከአሥር ደርሻለሁ። ከአይስላንዳዊው የሚበልጥ ምራቂ ነው። ለባለቤቴ ስነግራት “ካልሲስ?” አለችኝ።

ካልሲ ካላችሁ፣ አንድ ነገር ሳልነግራችሁ ቀርቻለሁ።

ያን ዕለት ወደ ዋሻው የገባሁት ካልሲዬን ጫማዬ ውስጥ ከትቼ፣ በባዶ እግሬ ነበር። ከስግደቱ በኋላ ወደ ጫማዬ ስመለስ አንዱን ካልሲ ነፋስ አውጥቶ መሬት ላይ ጥሎታል። ቆሜ አየሁት። ከአልጋው ሥር ያየኝ ካልሲ ወንድም መሰለኝ። እግሬን አስተካከልኩ፣ ትንፋሼን ወደ ሆዴ ሳብኩ፣ መቀመጫዬን ወደ ኋላ ልገፋ ተዘጋጀሁ። ዝግጅቱ ረዘመ።

እማማ ለካ ሲያዩኝ ቆይተዋል። መጡና ጉልበታቸውን ትንሽ አላሉ፤ ጀርባቸው እንደ ገበታ ዝርግ እንዳለ ከዳሌያቸው ታጠፉ፤ አንስተው ቀጥ አሉ። ኒኩ ቭላድ ቢያያቸው ስሙን ይመልስላቸው ነበር።

“እንካ የኔ ልጅ” አሉኝ። “እግዜር ይማርህ።”

አሜን ብዬ ተቀበልኩ። የግራው ነበር።